ያላበበ አይከሰስም

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ። ከጠየቃችሁኝ እዚያው ላይ ዝም እላለሁ፤ ዝም ማለት ደግሞ ስችልበት! ወንዝ ማዶ ነው በሉና ተውት። «የትኛው ወንዝ?» የሚል ብልጥ ካለ በሩ ያው ክፍት ነው። እኔ እዚያ አገር ተወልጄ እስክሸብት ኖሬያለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመትም የመንግሥት እንጀራ በልቻለሁ። ሥራዬ አረም መቁጠር ነበር። ሳቁ፣ ግድ የለም። ያኔ ግን «ቆጣሪ ደርበው መጣ» ሲባል ከመቀመጫው የማይነሣልኝ ሰው አልነበረም።

በዚያ አገር የነገሠው ዳንደር ነበር። ታውቁታላችሁ፤ ቅጠሉ ጥርስ ያለው፣ አናቱ ላይ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ እሾህ ነው። አበባው ሲጎመራ ነጭ ጥጥ ይሆንና ትንሽ ነፋስ ሲነካው ብን ይላል። በየጥጡ ጫፍ አንዳንድ ዘር ተንጠልጥላለች። በአያቶቻችን ጊዜ ሳር የነበረው ኮረብታ ሁሉ በእኛ ጊዜ ዳንደር ለብሶ ነበር። በበጋ ከብት የሚነጨው ያጣል። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ይሰበሰብና የወደቀ በሬ በመጫኛና በአጣና ደግፎ ያነሣል፤ በማግሥቱ ያው በሬ ተመልሶ ይወድቃል። ሳርን በጊዜው አጭዶ፣ አድርቆና ከምሮ ለበጋ ማቆየት፣ ድርቆሽ የምትሉት ነገር፣ በሽማግሌዎች ወሬ ብቻ ነበር የቀረው።

መንግሥት ዝም አለ ብዬ አልዋሽም። ኧረ እንዲያውም! አረምን የሚዋጋ ትልቅ ቤት አቋቁሞ ነበር፤ የቤቱም አለቃ ሊቀ አረም ይባላል። በእኔ ጊዜ የነበሩት ሊቀ አረም ቢተው ናቸው። ድምፃቸው የሚያስፈራ፣ ጣታቸው የለሰለሰ ሰው ነበሩ። ሕጉን በቃላቸው ያውቁታል፣ «ያላበበ አይከሰስም፤ ያልጎመራ አይፈረድበትም» ይላል። ገና እምቡጥ ሳለ ዳንደር የቆረጠ ሰው የንጹሕ ደም እንዳፈሰሰ ይቆጠራል። ሳያብብ ዳንደር ይሁን ጎመን በምን ይታወቃል? ዳኞቹ ይህን ሲያስረዱ በጣም ተጠብበው ነው። ለነገሩ በዚያ አገር ዳንደርን ከጎመን የማይለይ ሰው ከእነሱ በቀር አልነበረም።

እንግዲህ ኅዳር ላይ፣ ዳንደሩ አብቦ፣ ጎምርቶ፣ ጥጡን መበተን ሲጀምር የድል ቀን ይታወጃል። በዋዜማው እኛ ቆጣሪዎች በየሰው መሬት እየዞርን የቆመውን የዳንደር ራስ እንቆጥራለን። በማግሥቱ ባለመሬቱ የተቆጠረውን ያህል ይቆርጥና በረጅም ዘንግ ላይ አስሮ፣ እየጨፈረ፣ መንደር ለመንደር አዙሮ ወደ አደባባይ ያመጣዋል። ከበሮ አለ፣ እልልታ አለ። ጥጡ ደግሞ በሕዝቡ ራስ ላይ ይቦናል፤ ሴቶቹ «እዩት ጠላት ሲሸሽ!» ይላሉ። ሹማምንቱ የተከመረውን ይረግጡታል፣ የቀረውን ነፋስ ይጨርሰዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? እኛ ከበሮ ጨምረንበት ነበር።

ብዙ ራስ ያመጣ ሰው ይሸለማል። ሽልማቱም ካባ ነው፤ ካባውን ያለብሱትና በትከሻው ላይ የዳንደር ጥጥ ይነሰንሱለታል። ሰባት ቀን አያራግፈውም። ማራገፍ ክብርን መናቅ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ እንደዚያ እንዳጌጠ በየእርሻው፣ በየሰርጉ፣ በየለቅሶው ይዞራል። ከአርባ ራስ በታች ያመጣ ሰው ግን «ያልታገለ» ይባላል፤ መሬቱም ተነጥቆ ብዙ ላመጣው ይሰጣል። ርክክቡ የሚደረገው ግንቦት ላይ ነው፤ እስከዚያ ሹማምንቱ ድሉን ሲያከብሩ ስለሚከርሙ ጊዜ አይኖራቸውም።

በሚቀጥለው ዓመት ዳንደሩ በእጥፍ ይመጣል። ሊቀ አረም ቢተው ወደ ላይኛው ግቢ ወጥተው «ጠላት በርትቷል፣ ሰው ይጨመርልኝ» ይላሉ። ይጨመርላቸዋል። እኔ ስቀጠር ሰባት ቆጣሪዎች ነበርን፤ ስወጣ መቶ አርባ ደርሰናል።

አሁን ወደ አንጓች ልምጣ።

አንጓች ባሏ ሲሞትባት ወደ አባቷ መሬት የተመለሰች ሴት ናት። አባቷ ከሞቱ ብዙ ጊዜ ሆኖ መሬቱ ጠፍ ነበር፤ ዳንደሩ ሰው ይውጣል። እሳቸውም በሕይወት ሳሉ ሦስት ጊዜ በሬ ጠምደው ገልብጠውት ነበር፤ ባረሱት ቁጥር ከሥር ተኝቶ የነበረው ዘር ብርሃን እያየ የባሰ ይወጣል። ስትመጣ ሦስት ላሞችና ቡላ የሚባል አንድ አህያ ነድታ መጣች። የመጀመሪያው በጋ ሁለቱን ላሞች ወሰደ። ሁለተኛዋን ስናነሣ እኔም አጣናውን ይዤ ነበር። ላሚቱ አንድ ጊዜ ቆመች፣ አንጓችን አየቻት፣ ወደቀች፣ በቃ።

አንጓች አላለቀሰችም። የቀረቻትን ላም፣ ሻሼን፣ አንገቷን ይዛ፣ «ይቺን ከቀበርኩ እዚህ ምን እሠራለሁ? መሬቱን ለአሞራ ትቼ ሰው ቤት እገባለሁ» አለች። ልቤን በላችው። ግን ምን አደርጋለሁ፣ እኔ ቆጣሪ ነኝ።

ያን ክረምት ቡላን መሬቱ ጥግ ላይ በአጭር ገመድ አስራው ነበር፤ ሌላ የሚበላ ስላልነበረ በገመዱ ልክ ያገኘውን የዳንደር እምቡጥ ሁሉ ሲቀነጥስ ከረመ። በዓመቱ ክረምት ሲገባ መሬቱ ሁሉ እንደ ወትሮው ዳንደር ሆነ፤ ያች ጥግ ግን ሰርዶ ለብሳ አረንጓዴ ሆነች። ልክ በገመዱ ርዝመት፣ ክብ ሆና!

ሌላ ሰው ቢሆን «ተአምር ነው» ብሎ ያልፋል። አንጓች ግን ቡላን ሌላ ቦታ አሰረችውና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታየው ሰነበተች። አህያው እምቡጡን ይበላል፣ ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፣ እንደገና ይበላዋል። ሦስተኛው ሲወጣ ቀጭንና ገርጣ ያለ ነው፤ ከሥሩም ሳር ይገባበታል። በኋላ ስታስረዳኝ እንዲህ አለችኝ፦

«አያ ደርበው፣ ዳንደር ሥሩ ጎተራው ነው። ባቆጠቆጠ ቁጥር ከጎተራው ያወጣል። አብቦ የወሰደውን ሳይመልስ ከቆረጥከው ጎተራው ባዶ ይቀራል። ደግሞም ዘር የለውም።»

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ቡላ ነዋ! ከእናንተ ቤት ማን ሊነግረኝ ኖሯል?»

በሰኔ ማጭዷን ይዛ ገባች። እምቡጡ ሲቋጠር አንድ ጊዜ፣ ሐምሌ ላይ ሁለተኛ፣ ነሐሴ ላይ ሦስተኛ ቆረጠችው። አላረሰችም፤ የአባቷን ስሕተት ታውቃለች። ዳንደሩ ሲሳሳ ራቁቱን የቀረውን መሬት ግን እንዲሁ አልተወችውም፣ ባዶ መሬት አረም ይጠራል። የመንደሩ መቃብር አጥር ውስጥ ከብትም ዳንደርም ያልደረሰበት የጥንቱ ሳር ቀርቶ ነበርና ከዚያ የሳርና ከብት የሚወደውን የማገጥ ዘር እየለቀመች በተነች። እንግዲህ ይህ ሁሉ ወንጀል ነው። ያላበበ መቁረጥ!

ጎረቤቷ አያ ጓንጉል በአጥሯ ሲያልፍ ያሾፍባት ነበር። ይህ ጓንጉል ሦስት ጊዜ ካባ የተሸለመ ሰው ነው፤ በዓመት አራት መቶ ራስ ያመጣል። ዳንደር እንደሱ የሚሆንለት ሰው አላየሁም፤ የመሬቱን አፈር አንድ ጣት እንኳ አታዩትም። አራት በሬዎች ነበሩት፣ አራቱም የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል።

«ኧረ አንጓች! ሳር ልትበዪ ነው እንዴ?» ይላታል።

«ለሻሼ ነው። አንተ ግን ካባህን ለበሬዎችህ ስጣቸው፣ ምናልባት ይበሉት እንደሆን» ትለዋለች። አፏ ለጉድ ነው!

እኔ ለቁጥጥር ወደዚያ መሬት የሄድኩት በዚያው ነሐሴ ነው። ወሰን ድንጋዩን ልሻገር ስል ጮኸችብኝ።

«እዚያው ቁም አያ ደርበው! ጋቢህን አራግፍ። ከረጢትህንም።»

«ምን ሆነሻል አንቺ? እኔ ከየት መጥቼ ዳንደር ይዤ እመጣለሁ? የመንግሥት ሰው ነኝ እኮ!»

«ዳንደር የመንግሥት ነህ የባላገር ብሎ አይጠይቅም። አራግፍ!»

ቁርበት አምጥታ እግሬ ሥር ዘረጋች። ተናደድኩ፣ ግን አራገፍኩ። ያች ከረጢት የናሙና መያዣዬ ናት፤ በየዓመቱ ከየመሬቱ የጎመራ ራስ እየቀጠፍኩ ለቢሮ የማመጣባት። ከስፌቷ ውስጥ ዘሩ ዝርግፍ እያለ ወጣ። ከጋቢዬ ጥለት ወጣ። ከሱሪዬ እጥፋት ወጣ። ቁርበቱ ላይ የተጠራቀመው በሁለት እፍኝ አይያዝም። አንጓች ቁርበቱን አጥፋ ወስዳ እሳት ውስጥ አራገፈችው።

እኔ ግን እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ዓመት በዚያች ከረጢት ከመሬት መሬት ዞሬያለሁ። የዚያን አገር አረም ከነፋስ በላይ የዘራሁት እኔ ነኝ። አፈርኩ። ይህን ስነግራችሁ አሁንም ያሳፍረኛል፣ ቀልድ አይምሰላችሁ።

የዚያን ዓመት በመሬቷ ዳር ዳር ያልደረሰችበት ዳንደር ነበርና አርባውን ራስ እንደምንም አሟላች። ቀጣዩን ዓመት ግን ምንም አላስቀረችም። ጨርሶ ጠፋ ማለቴ አይደለም፤ ዘሩ መሬት ውስጥ ብዙ ዓመት ይተኛል፣ በሰኔ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። ግን ብቅ ያለው ሁሉ በማጭድ ወይም በቡላ ጥርስ ሄደ፤ አንድም አላበበም። ሳሩ ጉልበት ደረሰ። በጥቅምት፣ ገና ልምላሜው ሳይለቀው አጨደችው፣ ሦስት ቀን እየገለበጠች አደረቀችው፣ ከመረችው። ክምሩ ከቤቷ ይበልጣል። ሽማግሌዎች መጥተው እያሸተቱት አለቀሱ። ሽታው የእናታቸውን ደጅ አስታውሷቸው ነው።

ከዚያ ኅዳር መጣ። ዋዜማው ላይ መዝገቤን ይዤ ቆምኩ፤ የምቆጥረው የለም።

የመንደሩ ሴቶች አዘኑላት። በነጠላቸው አርባ የጎመራ ራስ ይዘው መጡና ወሰን ድንጋዩ ጋ ደረሱ። «ሳርሽ መሐል እንተክላቸዋለን፣ አያ ደርበው ይቆጥራቸዋል፣ ነገ ትቆርጫቸዋለሽ» አሏት። እኔም ዓይኔን ልጨፍን ተስማምቻለሁ፤ እንዲያውም ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

አንጓች ድንጋዩ ላይ ወጥታ መንገዱን ዘጋችው። «እግዜር ይስጥልኝ። ግን ይህ ነገር ከዚህ አያልፍም።»

«መሬትሽን ልትነጠቂ እኮ ነው!» አለች አንዷ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሻሼስ? እርጉዝ ናት እኮ!»

ዞራ ወደ ሻሼ አየች። «ሻሼን እስከ ግንቦት የሚያደርሳት ድርቆሽ አለኝ። ከግንቦት ወዲያ እሱ ያውቃል። ይህን ሁሉ የደከምኩት አርባ ዳንደር በእጄ ለመትከል አይደለም። እኔ ብወጣም ሳሩ ይቅር።»

ሴቶቹ የያዙትን ይዘው ተመለሱ። እኔም መዝገቡን ገልጬ በሃያ ሁለት ዓመት ጽፌው የማላውቀውን ጻፍኩ፤ ባዶ።

በማግሥቱ አደባባይ ላይ ሊቀ አረም ቢተው መዝገቡን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ አራቁት፣ አዞሩት።

«ባዶ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ምንም የለም ማለት ነው ጌታዬ።»

«ዳንደሩ የት ሄደ?»

«ታረመ ጌታዬ።»

«እንዴት ይታረማል? አብቦ ነበር?»

አንጓች ከሕዝቡ መሐል ወጣች። «አላበበም ጌታዬ። እምቡጥ ሳለ ነው የቆረጥኩት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

ሊቀ አረሙ ቀስ ብለው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ያላበበ መቁረጥ ወንጀል መሆኑን አታውቂም? ማን አስተማረሽ?» አሏት።

«አህያዬ።»

ይሳቅ መስሏችኋል? ማንም አልሳቀም፤ «አህያው ይቅረብ!» ተባለ። ሁለት ዘበኞች ሄደው ቡላን ጎትተው አመጡት። ጸሐፊው ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ መኖሪያውን ጻፈ። ያላበበ ዳንደር ስለ መብላቱ ተጠየቀ። ዝም አለ። ዝምታው እንደ ማመን ተቆጠረ። ከዚያ አንዱ ዳኛ «ዳንደር መብላቱ ራሱ ይረጋገጥ» አሉና የጓንጉልን ዘንግ፣ አራት መቶ የጎመራ ራስ የታሰረበትን፣ አፍንጫው ሥር አቀረቡለት። ቡላ አሸተተ፣ አንድ ጊዜ አስነጠሰ፣ ፊቱን አዞረ። ጊዜው ያለፈበት ዳንደር አይበላም፤ አህያ እንኳ ያውቀዋል። ያኔ ነው ከኋላ የሆነ ሰው መሳቅ የጀመረው። ማን እንደሆነ አልታወቀም፣ ግን ሳቁ ዞረ፣ እኔም ጋ ደረሰ። ሊቀ አረሙ ፊታቸው ጠቆረ።

ፍርዱ አልተለወጠም። አንጓች ያልታገለች ተባለች። መሬቷ በግንቦት ለጓንጉል እንዲሰጥ ተወሰነ። ጓንጉልም አራተኛ ካባውን ለበሰ፣ ጥጡ ተነሰነሰለት።

ያ በጋ ክፉ ነበር። በየካቲት የመንደሩ ከብት መውደቅ ጀመረ። ሻሼ ግን በዚያው በየካቲት ወለደች፤ ወተቷ ለጎረቤት ልጆች ተረፈ። በመጋቢት የጓንጉል ሁለት በሬዎች ሞቱ። ሦስተኛው ጎሹ የሚባለው፣ የሚወደው፣ በሚያዝያ አንድ ጠዋት ወደቀ። አጣናና መጫኛ ይዘን ተሰበሰብን። ጓንጉል የበሬውን ራስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል፤ ያ የካባ ሰው!

አንጓች መጣች። አንድ ትልቅ እስር ድርቆሽ ተሸክማለች። ጎሹ አፍንጫ ሥር አስቀመጠችውና፣ «ቀስ ብላችሁ አብሉት፣ በአንድ ጊዜ አትስጡት» ብላ ተመለሰች። በማግሥቱም አመጣች። እስኪቆም ድረስ አሥር ቀን አመጣች። አንድ ወር ቆይቶ መሬቷን ለሚረከባት ሰው! እኔ «ምን ነካሽ?» ብላት፣ «በሬው ምን አደረገኝ?» አለችኝ።

ግንቦት ደረሰ። ሊቀ አረም ቢተው በቅሎ ተቀምጠው፣ ከበሮ አስቀድመው መጡ። በቅሏም ብትሆን ከስታ ኮርቻው ይዞርባታል። የርክክቡ ሥርዓት አጭር ነው፤ ተረካቢው ካባውን ለብሶ ወሰኑን ይሻገራል፣ አንድ እፍኝ ሳር ይነቅላል፣ «ተረክቤያለሁ» ይላል፣ አበቃ። አንጓች ዕቃዋን ቡላ ላይ ጭና፣ ሻሼንና ጥጃዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ደርቋል።

ጓንጉል እስከ ወሰን ድንጋዩ መጣ። እግሩን አነሣ። ሳሩን አየ፣ ከዚያ ካባውን አየ፤ የክብሩ ጥጥ ገና በየስፌቱ ተሰግስጓል። እግሩን መልሶ እዚያው አሳረፈው።

«ምን ትጠብቃለህ? ግባ!» አሉ ሊቀ አረሙ።

«አንጓች» አለ ጓንጉል፣ «እስቲ ያን ቁርበት አምጪልኝ።»

ሮጠች። እግሩ ሥር ዘረጋችለት። ጓንጉል ካባውን አወለቀና አራገፈው፤ በኃይል፣ ደጋግሞ፣ እንደተናደደ ሰው። ሹማምንቱ «ኧረ! ኧረ ክብር ተዋረደ!» ብለው ጮኹ። እሱ አልሰማቸውም። ሲጨርስ ወደ ሊቀ አረሙ ዞረ።

«ጌታዬ፣ እኔ ዳንደር ነው የማውቀው። ይህን መሬት ብትሰጡኝ በሁለት ዓመት ዳንደር አደርገዋለሁ፣ ትሸልሙኛላችሁም። በሬዬ የቆመው ግን በዚህች ሴት ሳር ነው። አልረከብም። ከፈቀደችልኝ ልማር ነው የምፈልገው።»

ሊቀ አረሙ የሕጉን መጽሐፍ አስመጡ። ገለጡ፣ ገለጡ። ያላበበ፣ ያልጎመራ፣ ያልታገለ፣ ሁሉም አለ። ለማይረከብ ሰው ግን ምንም አልተጻፈም፤ እስከዚያ ቀን አልረከብም ያለ ሰው አልነበረማ! «ጉዳዩ እስኪጣራ ባለበት ይቆይ» አሉ በመጨረሻ። ሊሄዱ ሲነሡ በቅሏ የለችም። ከበሮ መቺው ሲፈልጋት ድርቆሹ ክምር ሥር አገኛት፤ ሦስት ሰው ጎትቶ ነው ያላቀቃት። ጉዳዩም እስከ ዛሬ ድረስ እየተጣራ ነው።

አንጓች ዕቃዋን ከቡላ ላይ አወረደች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ሻሼ አንገት ላይ ተጠምጥማ፣ ድምፅ አውጥታ። እኔስ? እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

በቀጣዩ ሰኔ ጓንጉል ማጭድ ይዞ ወደ ገዛ ዳንደሩ ገባ። ብቻውን ብዙ ሳይቆይ ሃያ ሰው በደቦ ከኋላው ተሰለፈ። እምቡጡ ሲቋጠር አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ዘበኞች ሊያስሩ መጥተው ነበር፤ ግን መንደር ሙሉ ሰው በየትኛው ገመድ ይታሰራል? እኔም ከረጢቴን እሳት ውስጥ ጣልኩና ማጭድ ያዝኩ። እጄ ለስላሳ ስለነበር ሳቁብኝ። ኅዳር ላይ ከበሮው ሲመታ ከእኛ መንደር አንድም ዘንግ አልሄደም። ሴቶቹ ግን ንጹሕ ድርቆሽ ተሸክመው ሄዱና ለሌላው መንደር ሰው አከፋፈሉ፤ ከየእስሩም ጋር ዳንደሩ መቼ እንደሚታጨድ ነገሩት።

አገሩ ሁሉ ጸዳ አልላችሁም። ውሸት አልወድም። ሊቀ አረምም አሁንም አለ፣ የድል ቀንም በሌሎች መንደሮች ይከበራል። ባለፈው ከወዲያ የመጣ ሰው ግን ሰባት ኮረብታ ሳር ለብሷል ብሎኛል። በየሰኔው ዳንደሩ ብቅ ይላል፣ በየሰኔውም ሰው ማጭድ ይዞ ይጠብቀዋል። በየመስኩ መግቢያም አንድ አንድ ቁርበት ተዘርግቷል።

እንግዲህ አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልላችሁም፣ ጥርስም የለኝ። ስትወጡ ግን ደጄ ላይ ቁርበት አለ፤ ጋቢያችሁን፣ ነጠላችሁን እዚያ ላይ አራግፉና ሂዱ። ምነው ትተያያላችሁ? «እኛ ከየት መጥተን ዳንደር ይዘን እንመጣለን?» ልትሉኝ ነው አይደል?

እኔም ያን ጊዜ እንዲሁ ነበር ያልኳት።